ስለ ፕሮግራሙ የሚጠየቀው ማን ነው? ሃኪንግና የሶፍትዌር ምህንድስና

ፕሮግራም መጻፍ፣ ማለትም ኮምፒውተር ደረጃ በደረጃ የሚፈጽመውን ትእዛዝ ማሽኑ በሚረዳው ቋንቋ ማዘጋጀት፣ ከውጭ ሲያዩት አንድ ሙያ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ልማዶች ጎን ለጎን ያደጉበት ሥራ ነው። አንደኛው ሃኪንግ፣ ሁለተኛው የሶፍትዌር ምህንድስና ይባላል። ሃኪንግ በዛሬው የዕለት ንግግር የሰው የይለፍ ቃል ከመስረቅና የባንክ ሒሳብ ሰብሮ ከመግባት ጋር ቢያያዝም፣ እዚህ የተያዘው በቀደመውና በባለሙያዎች ዘንድ እስከ ዛሬ በሚሠራበት ትርጉሙ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ሰፊ ዕቅድ ሳያወጡ፣ ማሽኑን እየነካኩና እየሞከሩ፣ የሚሠራ ነገር በፍጥነትና በብልኃት የሚያወጡበት አካሄድ ነው። የሶፍትዌር ምህንድስና በአንጻሩ ፕሮግራሙ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ በጽሑፍ የሚወሰንበት፣ ንድፍ የሚወጣለት፣ ከጸሐፊው ሌላ ሰው የሚመረምረው፣ በሥርዓት የሚፈተሽና ጸሐፊው ሥራውን ቢለቅ እንኳ ሌሎች ለዓመታት ሊጠግኑት እንዲችሉ ሆኖ የሚሠራበት አካሄድ ነው። ሁለቱን የሚያነጻጽሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን የተሰጥኦ፣ ሌላውን የጥንቃቄ መገለጫ አድርገው ያቀርባሉ፤ ይሁን እንጂ በሁለቱም ወገን ባለ ተሰጥኦም ጠንቃቃም ሰው ስለሞላ ይህ አከፋፈል ብዙ አያስረዳም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ፕሮግራሙ ሲበላሽ ጉዳቱ የሚደርሰው በማን ላይ ነው፣ ስለ ስህተቱስ መልስ መስጠት ያለበት ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ሁለቱም ልማዶች በአንድ ተቋም ጥላ ሥር ሥር መስደዳቸው ልብ ሊባል ይገባል። በአሜሪካ በሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤም አይ ቲ፣ በ1946 የተመሠረተ የሞዴል ባቡር ክበብ ነበረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከክበቡ አባላት ከፊሎቹን ከትንንሾቹ ባቡሮች ይልቅ ከጠረጴዛው ሥር የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ይበልጥ ይስባቸው ነበር፤ በብልኃት የተሠራ ነገርን «ሃክ» ብለው የመጥራት ልማድም በእነሱ መካከል ዳበረ። በዚያ ዘመን ተቋሙ ይገለገልበት የነበረውን ትልቁን አይ ቢ ኤም 704 ኮምፒውተር ተማሪ እንዲነካው አይፈቀድም ነበርና ፕሮግራም ጸሐፊው ትእዛዙን በተበሱ ካርዶች አዘጋጅቶ ለማሽኑ ሠራተኞች ያስረክባል፣ ውጤቱንም ቆይቶ ይቀበላል። በ1958 ግን ቲ ኤክስ ዜሮ የተባለ፣ በትራንዚስተር የሚሠራና ጸሐፊው ከፊቱ ተቀምጦ በቀጥታ የሚያዘው ኮምፒውተር ወደ ግቢው ሲገባ የክበቡ ወጣቶች ማሽኑ ነጻ በሚሆንበት ሰዓት ሁሉ፣ በተለይም በሌሊት፣ ይከቡት ጀመር። በ1961 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ፒ ዲ ፒ 1 የተሰኘ ኮምፒውተር ለተቋሙ በስጦታ ሰጠ፤ በ1962 ስቲቭ ራስል ከጓደኞቹ ጋር ሁለት የጠፈር መርከቦች የሚታኮሱበትን ስፔስዋር የተባለ ጨዋታ የጻፈው በዚህ ማሽን ላይ ነበር።

ስፔስዋር የተሠራበት መንገድ የሃኪንግን ባሕርይ ከማንኛውም ፍቺ በተሻለ ያሳያል። ጨዋታው አንድ ጊዜ መሥራት ከጀመረ በኋላ ፒተር ሳምሰን ከበስተጀርባው የነበሩትን በዘፈቀደ የተበተኑ ነጥቦች በእውነተኛው የሰማይ ከዋክብት አቀማመጥ ተካቸው፤ ዳን ኤድዋርድስ በመሐል ያለችው ኮከብ መርከቦቹን የምትስብበትን ስሌት ጨመረ፤ ማርቲን ግሬትዝ ደግሞ የተከበበ መርከብ ከስክሪኑ ተሰውሮ በሌላ ቦታ የሚወጣበትን ዘዴ አስገባ። ከእነዚህ ለውጦች አንዱንም ያዘዘ አለቃ ወይም የጠየቀ ደንበኛ አልነበረም፤ ጨዋታው ምን መምሰል እንዳለበት የሚናገር ሰነድም አስቀድሞ አልተጻፈም፤ ምን መጨመር እንዳለበት የታወቀው በመጫወት ነው። ጸሐፊው፣ ፈታሹና ተጠቃሚው ያው ሰው ወይም አጠገቡ የተቀመጠ ጓደኛው ስለነበረ ስህተት ሲገኝ ወዲያው ይታረማል፣ ቢቀርም ከአንድ ዙር ጨዋታ በቀር የሚያበላሸው ነገር የለም። ሃኪንግ ይህን ያህል ፈጣንና ፍሬያማ እንዲሆን ያስቻለው ይኸው አጭር ርቀት ነው፤ በጸሐፊውና በተጠቃሚው መካከል የሚቆም ሦስተኛ ወገን በሌለበት የሚጻፍ ሰነድ የሚያነበው አያገኝም።

ይህን አካሄድ የልጆች ጨዋታ አድርጎ መቁጠር ግን ትልቅ ስህተት ይሆናል። የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ ይሠራው ከነበረውና መልቲክስ ከተባለው እጅግ ውስብስብ የስርዓተ ክወና ፕሮጀክት በ1969 ሲወጣ፣ ከሠራተኞቹ አንዱ የሆነው ኬን ቶምሰን አንድ አሮጌ ፒ ዲ ፒ 7 ኮምፒውተር አግኝቶ የራሱን ስርዓተ ክወና፣ ማለትም የማሽኑን ክፍሎች የሚያስተዳድረውንና ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስተናግደውን መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ መጻፍ ጀመረ። ባለቤቱ ልጃቸውን ይዛ ቤተሰብ ልትጠይቅ በሄደችበት ጊዜ፣ በሦስት ሳምንት ያህል ውስጥ፣ የቀሩትን ዋና ዋና ክፍሎች ጨርሶ ዩኒክስ የተባለው ይህ ስርዓት በእግሩ እንዲቆም አደረገ። ከባልደረባው ከዴኒስ ሪቺ ጋር ሆነው በ1973 ሪቺ በፈጠረው ሲ በተባለው ቋንቋ እንደገና የጻፉት ይህ ሥራ በዛሬዎቹ ሰርቨሮችና የእጅ ስልኮች ውስጥ ለሚገኙት ስርዓተ ክወናዎች አባት ሊባል ይበቃል፤ ሁለቱም በ1983 የኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለውበታል። ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው የተመደበለት ዕቅድ ሲንገታገት ጥቂት ሰዎች ለራሳቸው መገልገያ ብለው የጻፉት ነገር ዓለምን ማዳረሱ የሃኪንግ ደጋፊዎች በኩራት የሚያነሡት እውነት ነው፤ ሊያነሡትም ይገባል።

የምህንድስናው ሐሳብ የተወለደው በተመሳሳይ ዓመታት፣ ከሌላ ዓይነት ጭንቀት ነው። በ1960ዎቹ ኮምፒውተሮች በፍጥነት እየበረቱ ሲሄዱ ከእነሱ የሚጠበቀው ፕሮግራምም ከአንድ ሰው ጭንቅላት በላይ ሆነ። አይ ቢ ኤም 360 ለተባሉት ኮምፒውተሮቹ ያዘጋጀው ስርዓተ ክወና በሥራው ጫፍ ላይ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተሰማርተውበት እንኳ ከቀጠሮው ዘግይቶ፣ ከነብዙ ስህተቱ ወጣ። ሥራውን የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚህ የቀሰመውን ትምህርት ሲያስረዳ፣ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ተጨማሪ ሰው መመደብ ይበልጥ እንደሚያዘገየው አመለከተ፤ ምክንያቱም አዲስ የሚመጣው ሰው መማር አለበት፣ የሚያስተምረው ደግሞ ሥራውን ይሠራ የነበረው ሰው ነው፣ ሰው በበዛ ቁጥር እርስ በርስ ለመግባባት የሚጠፋው ጊዜም ከሰዉ ብዛት በፈጠነ መጠን ያድጋል። በጥቅምት 1968 የኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ በጠራው ጉባኤ ከ11 አገሮች የተሰበሰቡ ከ50 የሚበልጡ ባለሙያዎች ይህንኑ የሶፍትዌር ቀውስ ተወያዩበት። ለጉባኤው የተሰጠው «የሶፍትዌር ምህንድስና» የሚል ርዕስ ሆን ተብሎ ለማነሣሣት የተመረጠ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሙያ በስም እንጂ በተግባር አልነበረምና።

በተግባር መኖር ሲጀምር ምን እንደሚመስል ካሳዩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ወደ ኤም አይ ቲ ይመልሰናል። ሰውን ወደ ጨረቃ ለሚወስደው የአፖሎ መርሐ ግብር የበረራ ሶፍትዌር የተጻፈው በተቋሙ የኢንስትሩመንቴሽን ላቦራቶሪ ሲሆን፣ የሥራው መሪ ማርጋሬት ሃሚልተን የሶፍትዌር ምህንድስና የሚለውን ስያሜ አዘውትረው በመጠቀም ሥራው እንደ ሌሎቹ የምህንድስና ዘርፎች እንዲከበር ከታገሉት ቀዳሚዋ ነበረች። የመንኮራኩሩ ኮምፒውተር ሊጻፍበትና ሊሰረዝ የሚችለው ማህደረ ትውስታ 2,048 ቃላት፣ ቋሚው ደግሞ 36,864 ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ቃል የሚባለው እዚህ ላይ 16 ቢት የያዘ አንድ የመረጃ ክፍል ነው። ቋሚው ማህደረ ትውስታ ሽቦን በትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች ውስጥ በማሳለፍ ወይም በጎናቸው በማስኬድ በእጅ የሚሠራ በመሆኑ ፕሮግራሙ ከበረራው ወራት አስቀድሞ ማለቅ ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ስህተት ሽቦ አስፈትቶ እንደገና ያስጠልፋል። እየሞከሩ ማረም የሚባለው የሃከሮቹ ዋና መሣሪያ እዚህ ሊሠራ አይችልም ነበር፤ ጨረቃ ላይ ለመውረድ ሁለተኛ ሙከራ የለምና።

ሃሚልተን ላቦራቶሪ ይዛት የምትመጣ ትንሽ ልጇ አንድ ቀን በረራን በሚያስመስለው መሣሪያ ስትጫወት የማስመሰያው በረራ እየተካሄደ ሳለ የቅድመ በረራ ዝግጅት ፕሮግራሙን አስነሥታ ሥርዓቱን አቆመችው። እናቲቱ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚከላከል ትእዛዝ ይጨመር ብትልም፣ በሚገባ የሠለጠነ ጠፈርተኛ ይህን አይሳሳትም በሚል ሐሳቧ ሳይፈቀድ ቀረ። በታኅሣሥ 1968 በአፖሎ 8 በረራ ላይ ጠፈርተኛው ጂም ላቭል በስህተት ያንኑ ፕሮግራም አስነሥቶ የአቅጣጫ መረጃውን አጠፋው፤ መረጃውንም መልሶ ለመሙላት ከምድር እርዳታ አስፈለገ። በሐምሌ 1969 አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ገጽ ሲወርድ ደግሞ ለማረፊያው የማያስፈልግ የራዳር ምልክት የኮምፒውተሩን ጊዜ ሲሻማ 1202 እና 1201 የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች መጡ። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለ መጨናነቅ ሊመጣ ይችላል ተብሎ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ራሱን እንደገና እያስነሣ አነስተኛ ሥራዎችን ጥሎ ለማረፍ የሚያስፈልጉትን ብቻ ቀጠለ። በምህንድስናና በሃኪንግ መካከል ያለው የአስተሳሰብ ርቀት በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሃከር ፕሮግራሙ እንዲሠራ ምን ያስፈልጋል ብሎ ሲጀምር፣ መሐንዲሱ የሠራው ፕሮግራም እሱ በሌለበት በምን በምን መንገድ ሊከሽፍ ይችላል ብሎ ይጀምራል።

ዛሬ በሙያው የተለመዱት አሠራሮች ከዚህ ጥያቄ የተወለዱ ናቸው። የመስፈርት ሰነድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለማን ምን እንደሚያደርግ የሚዘረዝረው ጽሑፍ፣ ደንበኛውና ጸሐፊው የተለያየ ነገር እያሰቡ እንዳይለያዩ ነው፤ የኮድ ግምገማ፣ ማለትም አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያነብ ማድረግ፣ ጸሐፊ የራሱን ግድፈት ማየት ስለሚሳነው ነው፤ ኮድ በተለወጠ ቁጥር የሚደገመው ፍተሻ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ተበላሽቶ እንዳያድር ነው። ሁሉም ዋጋ ያስከፍላሉ። በአንድ ቀን የሚጻፍ ትእዛዝ ለሳምንታት ሊጓተት ይችላል፣ ሰነዱ ከፕሮግራሙ ሊወፍር ይችላል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሥርዓቱን ማሟላት ራሱን እንደ ግብ ያየ ድርጅት ማንም የማይፈልገውን ነገር በሚገባ ሠርቶ ሊያስረክብ ይችላል። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ራሱም ገና በማያውቅበት ጊዜ፣ ለምሳሌ አዲስ ዓይነት አገልግሎት ሲሞከር፣ መስፈርት በመጻፍ መጀመር ግምትን እንደ ውሳኔ ማተም ነው። በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች ያወጡት የአጃይል መግለጫ፣ ማለትም በአጭር በአጭር ዙር እየሠሩ ለተጠቃሚው እያሳዩ መሄድን የሚደግፈው አቋም፣ የሃከሮቹን አጭር ርቀት ወደ መሐንዲሶቹ ቤት የመመለስ ሙከራ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

ሥርዓት መከተል ብቻውን እንደማያድንም ታይቷል። ሰኔ 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጉያና የተተኮሰው አሪያን 5 ሮኬት በመጀመሪያ በረራው አርባ ሰከንድ ያህል እንኳ ሳይሞላው ተበተነ። የሮኬቱን አቋም የሚለካው መሣሪያ ከቀድሞው አሪያን 4 የተወሰደ ሶፍትዌር ይዞ ነበር፤ ሶፍትዌሩ አንድን በ64 ቢት የተያዘ ቁጥር በ16 ቢት ቦታ ለማስገባት ሲሞክር፣ አዲሱ ሮኬት ከአሮጌው ይበልጥ ፈጣን ስለነበረ፣ ቁጥሩ ከቦታው በልጦ ሥርዓቱ ቆመ፤ መጠባበቂያው መሣሪያም ያንኑ ሶፍትዌር ስለያዘ በተመሳሳይ ምክንያት ቆሞ ነበር። የሚያስቆጨው ስህተቱን የፈጠረው ስሌት ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ለአሪያን 5 ምንም ጥቅም ያልነበረው መሆኑ ነው። አስተማማኝነቱ የተመሰከረለት ሶፍትዌር የተመሰከረለት ለሌላ ሮኬት ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ነጥብ ከሃኪንግና ከምህንድስና የቱ ይበልጣል ከሚለው ክርክር ይልቅ ክብደት አለው፤ አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው ፕሮግራም ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሲሻገር፣ መሻገሩንም ማንም ሳያስተውል ሲቀር ነው። ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ቴራክ 25 የተባለው የካንሰር የጨረር ሕክምና መሣሪያ ለስድስት ሕሙማን ከታዘዘው እጅግ የበዛ ጨረር ለቆ ከፊሎቹን ለሞት ዳርጓል። በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው ሶፍትዌሩን ከቀድሞ ሞዴሎች እያዳበረ የጻፈው አንድ ፕሮግራመር ሲሆን፣ የተጻፈ ሰነዱም ሥርዓታዊ ፍተሻውም እጅግ ጥቂት ነበር። የመሣሪያው ኦፕሬተር ያስገባችውን ትእዛዝ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስታርም ጨረሩን የሚመሩት ማግኔቶች ገና እየተስተካከሉ ስለሚሆን ማሽኑ እርማቱን ሳያስተውል ቀርቶ በተሳሳተ አቀማመጥ ይተኩሳል። ይኸው ስህተት በቀድሞው ቴራክ 20 ውስጥም ነበረ፤ ነገር ግን በዚያ ሞዴል ላይ ከሶፍትዌሩ ተለይቶ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መከላከያ ስለነበረ ስህተቱ ፊውዝ ከማቃጠል አያልፍም ነበር። በአዲሱ ሞዴል መከላከያው ተነሥቶ ኃላፊነቱ ሁሉ ለሶፍትዌሩ ተሰጠ፤ ሶፍትዌሩ ግን ለዚህ ኃላፊነት አልተጻፈም። የአንድ ሰው ሥራ መሆኑ በራሱ ነውር አልነበረም፤ ነውሩ የሰው ሕይወት በእጁ ሲገባ እንደ አዲስ አለመመርመሩ ነው።

ጉዳቱ ቀለል ያለ፣ ስፋቱ ግን ዓለም አቀፍ የሆነ መሻገርም አለ። ብሬንዳን አይክ በግንቦት 1995 ለኔትስኬፕ ኩባንያ ለኢንተርኔት ገጾች ሕይወት የሚሰጥ ቋንቋ በአሥር ቀን ውስጥ ሠራ፤ ጃቫስክሪፕት የተባለው ይህ ቋንቋ ዛሬ በሁሉም ዋና ዋና የኢንተርኔት ማሰሻዎች ውስጥ ይገኛል። በ1997 ኤክማ በተባለ የደረጃ አውጪ ድርጅት መደበኛ ደንብ ሲወጣለት የጥድፊያው አሻራዎች አብረው ጸደቁ፤ ከነዚህም አንዱ ባዶ እሴት ዓይነቱ ሲጠየቅ ቋንቋው የተሳሳተ መልስ መስጠቱ ነው። ስህተቱ ለሁሉም የታወቀ ቢሆንም በስህተቱ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ገጾች እንዳይበላሹ ሲባል እስከ ዛሬ አልታረመም። በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ በሚል ስም ይፋ የሆነው ጉድለት ደግሞ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለ፣ በኢንተርኔት የሚተላለፍ መረጃን በምስጢር በሚጠብቅ ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ተገኘ። ግዙፍ ኩባንያዎችና ባንኮች ይተማመኑበት የነበረው ይህ ሶፍትዌር በዚያን ጊዜ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ እንደነበረና በዓመት የሚያገኘው መዋጮም 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበረ ሲታወቅ ብዙዎች ደነገጡ። በፈቃደኝነት የጻፉትን ሰዎች መውቀስ ግፍ ነው፤ የነሱን የትርፍ ሰዓት ሥራ የገንዘብ ዓለም መሠረት ያደረጉት ሌሎች ናቸው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን መሻገር ከቅርብ ያውቀዋል፤ ኮምፒውተር የግዕዝን ፊደል እንዲጽፍ የተደረገበት ታሪክ ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው። የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ለአንድ ፊደል የሚመድቡት ቦታ ቢበዛ 256 ምልክቶችን ብቻ የሚያስተናግድ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ገሚሱ በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዘ ነበር። የአማርኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ይተርፋሉ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይህን የተሻገሩት እውነተኛ በሆነ የሃከር ብልኃት ነው፤ በላቲን ፊደላት ቦታ የግዕዝን ቅርጽ ተኩ፣ አንድ ፎንት አልበቃ ሲል ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፈሉት፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ ሲመታ አንድ ፊደል የሚያወጣ የአጻጻፍ ስልትም ፈጠሩ። ኮምፒውተሩ ላቲን የጻፈ ሲመስለው ወረቀቱ ላይ አማርኛ ይወጣል። ጋዜጣና መጽሐፍ የታተመው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ ዘዴ ነው፤ ለፊደሉ በኮምፒውተር ዘመን መትረፍ የተደረገው ይህ አስተዋጽኦ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል።

ዘዴው የተሠራው ግን ለማተም ነበር፤ ሰነዱ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መላክ ሲጀምር ድክመቱ ወጣ። እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደላቱን በየራሱ ቅደም ተከተል ስለደረደረ በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል፤ ማሽኑ የያዘው የላቲን ምልክቶችን በመሆኑም አንድን የአማርኛ ቃል በትክክል መፈለግ ወይም ስሞችን በሀሁ ተራ መደርደር አይቻልም። መፍትሔው የመጣው ከምህንድስናው ወገን፣ በዝግታና በብዙ ደብዳቤ ልውውጥ ነው፤ የዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ መለያ ቁጥር የሚያገኙበት ዩኒኮድ የተባለው ደረጃ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል አካተተ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ፎንት፣ በየትኛውም ስልክ ያንኑ አንድ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ የአማርኛ መልእክት ከአዲስ አበባ ተልኮ በቴል አቪቭ ወይም በዋሽንግተን ያለ ተጨማሪ ዝግጅት የሚነበበውም በዚህ ምክንያት ነው። በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፈው የብዙ ዓመት ሰነድ ግን በራሱ አልተሻገረም፤ ለእያንዳንዱ ፎንት አሮጌውን ምልክት ከአዲሱ ቁጥር ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥና የመለወጫ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፣ የፎንቱ አደራደር በጽሑፍ ሳይሰፍር በቀረበት ቦታ ደግሞ ሰንጠረዡን ለማዘጋጀት የታተመውን ወረቀት ከፋይሉ ጋር እያስተያዩ ፊደል በፊደል መልቀም ግድ ይሆናል።